የፖሊመሮችን ስምና ሞኖመር ሳያምታቱ ለመያዝ የሚረዱ ዘዴዎች፦ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ታናሽ እህቴን ኬሚስትሪ አስጠናታለሁ። የፖሊመር ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ግን ተቸግረናል። ወደ ሃያ የሚሆኑ ፖሊመሮች ከነሞኖመራቸው በአንድ ሠንጠረዥ ተደርድረዋል። ማታ ሸምድዳ ትተኛለች፤ ጠዋት ስጠይቃት ናይለን 6ን ከናይለን 6,6፣ ቡና-ኤስን ከቡና-ኤን፣ ከፍተኛ እፍግታ ያለውን ፖሊኢቲሊን ዝቅተኛ እፍግታ ካለው ጋር ታምታታለች። ለፈተናው ሦስት ሳምንት ቀርቶናል። ለዚህ ምዕራፍ የሚሆን የማስታወሻ ዘዴ ይኖራል ወይ?»

አዎ፣ አለ፤ በዚህ ምዕራፍ ላይ የማስታወሻ ዘዴ ከብዙ ምዕራፎች በተሻለ ይሠራል። ይሁንና ተማሪዎች አብዝተው የሚጠቀሙበትን፣ የእያንዳንዱን ስም የመጀመሪያ ፊደል ለቅሞ ዓረፍተ ነገር የመሥራትን ዘዴ፣ እዚህ ላይ አልመክርም። ፈተናው የሠንጠረዡን ቅደም ተከተል አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ሰንሰለቱን (ፖሊመሩን) አሳይቶ ሞኖመሩን፣ ማለትም ሰንሰለቱ የሚሠራበትን ትንሽ ሞለኪውል፣ ወይም ሞኖመሩን ሰጥቶ ሰንሰለቱን ነው።

በማስተማር ሥራዬ ያጋጠመኝ አንድ ተማሪ አሥራ ስምንት ፖሊመሮችን ከነሞኖመራቸው እንደ ዳዊት ደገማቸው፤ አንድም አላዛነፈም። ቀጥዬ ሰሌዳው ላይ የካርቦን ሰንሰለት ሣልሁና በየሁለተኛው ካርቦን ላይ አንድ ክሎሪን አንጠለጠልሁ፤ ከዚያም «ይህ ከየትኛው ሞኖመር የተሠራ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ጠመኔውን ይዞ ረጅም ጊዜ ቆመ። ፒቪሲ (ፖሊቪኒል ክሎራይድ) በቃሉ ከያዘው ዝርዝር ሁለተኛው ነበር፤ ሞኖመሩ ቪኒል ክሎራይድ መሆኑንም ከአምስት ደቂቃ በፊት ራሱ ነግሮኛል፤ ነገር ግን ቃሉ አእምሮው ውስጥ ከምንም ሥዕል ጋር አልተያያዘም ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ የማስታወሻ ዘዴን የምመዝንበት መለኪያ አንድ ብቻ ሆነ፦ ዘዴው ተማሪውን ወረቀት ላይ ሞለኪውሉን እስከ መሣል ካላደረሰው ለዚህ ምዕራፍ አይበቃም። ከዚህ በታች የማቀርባቸው ሁሉ በዚህ መለኪያ ያለፉ ናቸው።

በመጀመሪያ ሠንጠረዡን በሁለት ይክፈሉት። «ፖሊመር» የሚለውን ቃል እ.ኤ.አ. በ1833 ያወጣው ስዊድናዊው ኬሚስት ዮንስ ያኮብ በርዜሊየስ ሲሆን፣ በግሪክኛ «ፖሊ» ብዙ፣ «ሜሮስ» ደግሞ ክፍል ማለት ነው። ስለዚህ ስሙ በ«ፖሊ» የሚጀምር አብዛኛው ነገር ሞኖመሩን ራሱ ይናገራል፤ «ፖሊ»ን ሲያነሡለት ፖሊስታይሪን ስታይሪንን፣ ፖሊፕሮፒሊን ፕሮፒሊንን፣ ፖሊአክሪሎናይትራይል አክሪሎናይትራይልን ያስቀራል። እነዚህን «ተናጋሪ ስሞች» ብለው በአንድ ወገን ያስቀምጡ። በሌላው ወገን የሚቀሩት ዝም ያሉት ስሞች፣ ማለትም ናይለን፣ ቴፍሎን፣ ቤክላይት፣ ዳክሮን፣ ቡና-ኤስ፣ ኒዮፕሪንና የመሳሰሉት ናቸው። እህትዎ በእርግጥ በቃሏ ልትይዛቸው የሚገቡት እነዚህ ብቻ ሲሆኑ፣ ሠንጠረዡ በዚህ አንድ እርምጃ ወደ ግማሽ ያህል ይቀንሳል።

ከተናጋሪዎቹ መካከል አብዛኞቹ በአንድ ሥዕል ይጠቃለላሉ። ኢቲንን (ኢቲሊንን) እንደ አንድ ትንሽ ጠረጴዛ ያስቡት፤ ሁለት ካርቦኖች በድርብ ትስስር ተያይዘው መሃል ላይ ይቀመጣሉ፣ ዙሪያቸውን አራት መቀመጫዎች አሉ። በሦስቱ መቀመጫዎች ላይ ሁልጊዜ ሃይድሮጅን ይቀመጣል፤ የሚለዋወጠው አራተኛው እንግዳ ብቻ ነው። አራተኛውም ሃይድሮጅን ሲሆን ፖሊኢቲሊን፣ ሜቲል (አንድ ካርቦን ከሦስት ሃይድሮጅን ጋር) ሲሆን ፖሊፕሮፒሊን፣ ክሎሪን ሲሆን ፒቪሲ፣ የቤንዜን ቀለበት ሲሆን ፖሊስታይሪን፣ የካርቦንና የናይትሮጅን ጥምር የሆነው ናይትራይል ሲሆን ፖሊአክሪሎናይትራይል ይገኛል። አምስት የሠንጠረዥ መስመሮች ወደ አንድ ሥዕልና ወደ አምስት እንግዶች ተለወጡ ማለት ነው።

እዚሁ ላይ አንድ በጣም የተለመደ ስህተት አለ። ተማሪዎች ፖሊፕሮፒሊንን ሲሥሉ ሞኖመሩ ሦስት ካርቦን ስላለው ሦስቱንም በሰንሰለቱ መስመር ላይ ይደረድሯቸዋል። ለዚህ የምሰጣቸው አባባል «እንግዳው ይንጠለጠላል እንጂ ሰልፍ አይገባም» የሚል ነው። በሰንሰለቱ ሰልፍ ውስጥ የሚቆሙት ቀድሞ በድርብ ትስስር ተያይዘው የነበሩት ሁለት ካርቦኖች ብቻ ናቸው፤ እንግዳው የቱንም ያህል ትልቅ ቢሆን፣ የቤንዜን ቀለበት እንኳ ቢሆን፣ ከአንደኛው ካርቦን ላይ ወደ ጎን ይንጠለጠላል። «ቪኒል» የሚለውም ቃል ይኸው ጠረጴዛ አራተኛ መቀመጫው ባዶ ሆኖ ማለት ስለሆነ፣ ቪኒል ክሎራይድ ሲባል ክሎሪን እዚያ ተቀምጧል ማለት ነው። ከተናጋሪ ስሞች ውስጥ የሚያሳስተው ፖሊቪኒል አልኮሆል ነው፤ ቪኒል አልኮሆል ራሱ ጸንቶ የማይቆይ ሞለኪውል በመሆኑ፣ መጀመሪያ ፖሊቪኒል አሲቴት ይሠራና ያ በኋላ ወደ አልኮሆሉ ይለወጣል።

ቴፍሎን ስሙ ዝም ያለ ቢሆንም ሥዕሉ ከሁሉም ይቀልላል፤ አራቱም መቀመጫዎች በፍሎሪን ተይዘዋል። የሞኖመሩ ስም ቴትራፍሎሮኢቲን ሲሆን «ቴትራ» አራት ማለት ነው። ታሪኩም ማስታወሻ ይሆናል፦ አሜሪካዊው ኬሚስት ሮይ ፕላንኬት እ.ኤ.አ. በ1938 የዚህን ጋዝ ሲሊንደር ሲከፍት ምንም ጋዝ አልወጣም፤ የሲሊንደሩ ክብደት ግን አልቀነሰም ነበር። ሲሊንደሩ ሲቆረጥ ውስጡ የተገኘው ነጭ ዱቄት ጋዙ ራሱን በራሱ ሰንሰለት አድርጎ የሠራው ፖሊመር ነበር። ክብደቱ አለመቀነሱ ደግሞ ቀጥሎ ወደማነሣው ነጥብ ያደርሰናል።

ፖሊመሮች የሚሠሩባቸው ሁለት መንገዶች አዲሽን እና ኮንደንሴሽን ይባላሉ፤ ልዩነታቸውን ለመያዝ ከእጅ የተሻለ ምስል አላገኘሁም። ድርብ ትስስር ያለውን ሞኖመር ሁለት እጆቹን እርስ በርስ አጣምሮ እንደቆመ ሰው ያስቡት። አንድ ቀስቃሽ መጥቶ ሲነካው እጆቹን ይፈታና አንዱን ለግራ፣ አንዱን ለቀኝ ጎረቤቱ ይዘረጋል፤ ጎረቤቱም እንዲሁ ያደርጋል፤ ሰልፉ ይረዝማል። ይህ አዲሽን ነው። ማንም ምንም ስላልጣለ የሞኖመሮቹ አቶሞች በሙሉ ሰንሰለቱ ውስጥ ይገኛሉ፤ ለዚህም ነው በፕላንኬት ሲሊንደር ውስጥ ክብደት ያልጎደለው። በመጻሕፍት የሚዘረዘሩት ሦስት ደረጃዎች፣ ማለትም መቀስቀስ፣ መቀጠልና መቋጨት፣ በዚሁ ምስል ውስጥ አሉ፤ የመጀመሪያውን እጅ የሚያስፈታ፣ ሰልፉን የሚያስረዝም፣ በመጨረሻም ሁለት ባዶ እጆች ተገናኝተው ሰልፉን የሚዘጉበት።

በኮንደንሴሽን ግን እያንዳንዱ ሰው ሁለት እጆቹ ቀድሞውኑ የተዘረጉ ናቸው፤ ሆኖም ባዶ አይደሉም። አንዱ ሃይድሮጅን፣ ሌላው የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥምር (ኦኤች) ይዟል፤ ለመጨባበጥ የያዙትን መጣል አለባቸው፣ የጣሉትም ተገናኝቶ ውሃ ይሆናል። ተማሪው ኮንደንሴሽን የሚለውን ቃል ቀድሞ የሚያውቀው እንፋሎት ሲቀዘቅዝ ውሃ የሚሆንበት ሂደት በሚል ነው፤ ጤዛ የሚፈጠርበት ማለት ነው። ስለዚህ እህትዎ «ኮንደንሴሽን ጤዛ ይጥላል» ብትል ሁለቱን ትርጉሞች በአንድ ገመድ ታስራቸዋለች። የውሃውን ብዛት ለሚጠይቅ ፈተና የእጇን ጣቶች ትመልከት፤ አምስት ጣቶች መካከል ያለው ክፍተት አራት ነው። መቶ የአንድ ዓይነትና መቶ የሌላ ዓይነት ሞኖመሮች በአንድ ሰንሰለት ሲሰለፉ ሁለት መቶ ሰዎች ቆመዋል፣ መጋጠሚያው ግን 199 ነው፤ የሚወጣው ውሃም 199 ሞለኪውል ይሆናል።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። የሚጣለው ነገር ሁልጊዜ ውሃ አይደለም፤ ኦኤች በያዘው አሲድ ፋንታ በኦኤቹ ቦታ ክሎሪን የያዘ የአሲድ ክሎራይድ ከተጠቀምን የሚወጣው ሃይድሮጅን ክሎራይድ ነው። ስለዚህ «ጤዛ» የሚለውን ቃል «ትንሽ ሞለኪውል ይጣላል» ለሚለው ሐሳብ መጥሪያ አድርጋ ትያዘው እንጂ በውሃ ብቻ አትወስነው።

አሁን ብዙዎችን ወደሚያስቸግረው ወደ ናይለን እንምጣ። ናይለን 6,6 በአሜሪካዊው ኬሚስት በዋላስ ካሮዘርስ ቤተ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1935 ተሠራ። ቁጥሮቹ የንግድ ምልክት ቢመስሉም የካርቦን ቆጠራ ናቸው፤ የመጀመሪያው ቁጥር በዳይአሚኑ (በሁለቱም ጫፍ ናይትሮጅን ያለበት የአሚን ቡድን ባለው ሞኖመር)፣ ሁለተኛው በዳይአሲዱ (በሁለቱም ጫፍ የአሲድ ቡድን ባለው) ውስጥ ያሉትን ካርቦኖች ይነግረናል። ቅደም ተከተሉን ለመያዝ ፊደላቱን ብቻ ማየት ይበቃል፦ አሚን እና አሲድ ሁለቱም በ«አ» ይጀምራሉ፤ ቀጥሎ ያለው ፊደል በአሚን «ሚ»፣ በአሲድ «ሲ» ነው፤ በፊደል ገበታችንም መ ከሰ ይቀድማልና አሚን ከአሲድ ይቀድማል። ስለዚህ ናይለን 6,10 ከተባለ ባለስድስት ካርቦን ዳይአሚንና ባለአሥር ካርቦን ዳይአሲድ ነው ብላ ሳትጠራጠር መጻፍ ትችላለች።

ቆጠራው ላይ ግን ወጥመድ አለ፤ ደጋግሜ ስላየሁት እዚህ ላይ ትንሽ ልዘግይ። የናይለን 6,6 አሲድ አዲፒክ አሲድ ነው፤ በመሃሉ አራት የካርቦንና የሁለት ሃይድሮጅን አሃዶች፣ በሁለቱም ጫፍ ደግሞ አንዳንድ የካርቦክሲል ቡድን (ካርቦን፣ ኦክስጅንና ኦኤች ያለው የአሲድ ቡድን) አለው። ተማሪው ሰንሰለቱን ሲያይ አራቱን ብቻ ይቆጥርና «6,4» ብሎ ይጽፋል፤ ጫፍ ላይ ያሉት ካርቦኖች ከኦክስጅን ጋር በድርብ ትስስር ስለተያያዙ እንደ ጌጥ ይቆጥራቸዋል። በአሚኑ በኩል ግን ስድስቱም ካርቦኖች በናይትሮጅኖቹ መካከል ናቸው፣ ጫፍ ላይ የቆመው ናይትሮጅን ነው። ስለዚህ «በአሚን በኩል መሃል ብቻ፣ በአሲድ በኩል መሃልና ጫፍ» የሚለውን እህትዎ ጮክ ብላ እየተናገረች ሁለት ሦስት ጊዜ ብትቆጥር ይበቃታል። ቆጠራውን በእርሳስ ጫፍ እየነካች ታድርገው፤ በዓይን ብቻ የተቆጠረ ካርቦን ይዘለላል።

ትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ካለው መምህሩ የናይለን ገመድ የሚባለውን ሙከራ እንዲያሳዩ ይጠይቋቸው። በጠርሙስ ቢከር ውስጥ ባለስድስት ካርቦኑ ዳይአሚን የሟሟበት ውሃ ይቀመጣል፤ ከላዩ ባለአሥር ካርቦኑ የአሲድ ክሎራይድ የሟሟበት ከውሃ ጋር የማይቀላቀል ፈሳሽ በቀስታ ይፈስሳል። ሁለቱ ፈሳሾች በሚገናኙበት ገጽ ላይ ነጭ ስስ ቆዳ ወዲያውኑ ይታያል። በመቆንጠጫ መሃሉ ተይዞ ወደ ላይ ሲሳብ ቆዳው ተጣጥፎ ገመድ እየሆነ ይወጣል፤ የወጣው ቦታ ባዶ እንደሆነም አዲስ ቆዳ ይተካል፤ በእርጋታ ከተጠቀለለ ከትንሽ ቢከር ብዙ ሜትር ይወጣል። ይህን አንድ ጊዜ ያየ ተማሪ ኮንደንሴሽን ሁለት ዓይነት ሞኖመሮች እጅ ለእጅ የሚገናኙበት መሆኑን፣ ይህም ናይለን 6,10 መሆኑን፣ የሚጣለውም ሃይድሮጅን ክሎራይድ መሆኑን በአንድነት ይዞ ይወጣል። ፈሳሾቹ ቆዳንና ዓይንን የሚጎዱ ስለሆኑ ሙከራው በመምህር እጅ እንጂ በቤት አይሠራም።

ናይለን 6 ብቸኛ ቁጥር ያለው ብቸኛ ሞኖመር ስላለው ነው፤ «አንድ ቁጥር፣ አንድ ሞኖመር፤ ሁለት ቁጥር፣ ሁለት ሞኖመር» ማለት ብቻ ከ6,6 ይለየዋል። ሞኖመሩ ካፕሮላክታም ሲሆን ስድስት ካርቦኖችና አንድ ናይትሮጅን ያሉት ቀለበት ነው፤ ቀለበቱ ይከፈትና የአንዱ የአሚን ጫፍ የሌላውን የአሲድ ጫፍ ይይዛል። አንድ ሰው በራሱ ቀኝ እጅ የራሱን ግራ እጅ ይዞ ክብ ሠርቶ ቆይቶ፣ ከዚያ እጁን ፈትቶ ወደ ሰልፍ እንደሚገባ ማለት ነው። ቀለበት ሲከፈት ሰንሰለቱ ውስጥ ከሚቀረው ውጭ የሚጣል ሞለኪውል የለም፤ ብዙ መጻሕፍት ግን ትስስሩ አማይድ (በአሚንና በአሲድ ጫፎች መካከል የሚፈጠር) ስለሆነ ከኮንደንሴሽን ፖሊመሮች ጋር ይመድቡታል፤ እህትዎም የመማሪያ መጽሐፏን ምደባ ትከተል።

ዳክሮንም ሆነ ቴሪሊን የሚባለው ያው ፖሊኢቲሊን ቴሬፍታሌት፣ በአጭሩ ፔት ነው። «ቴሪሊን» በሚለው ስም ውስጥ የቴሬፍታሊክ አሲድን መነሻና የኢቲሊንን መድረሻ ጆሮ ይሰማል፤ ሞኖመሮቹም ኢቲሊን ግላይኮልና ቴሬፍታሊክ አሲድ ናቸው። እዚህ ያለው «ኢቲሊን» ድርብ ትስስር የለውም፤ ሁለት የኦክስጅን ጫፎችን የሚያገናኝ የሁለት ካርቦን ድልድይ ብቻ ነው። ስሙ ረጅም ስለሆነ ከፖሊኢቲሊን ጋር የሚያምታቱት ብዙ ናቸውና ይህን ልዩነት አስምራችሁ ያዙት።

ቡና-ኤስ እና ቡና-ኤን ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ወዲያውኑ ሌላ ነገር ያሳስባሉ፤ ስሙ ግን ከመጠጡ ጋር ዝምድና የለውም፣ የሁለት ቃላት ቅንጣቢ ነው። «ቡ» ቡታዳይን፣ «ና» ናትሪየም ነው፤ ናትሪየም ሶዲየም ማለት ሲሆን በመጀመሪያው አሠራር ካታሊስት (ኬሚካዊ ለውጡን የሚያፋጥን) ሆኖ አገልግሏል። ከጭረቱ በኋላ ያለው ፊደል ሁለተኛውን ሞኖመር ይጠቁማል፤ «ኤስ» ስታይሪን፣ «ኤን» ናይትራይል ያለበት አክሪሎናይትራይል። ስለዚህ ስሙ በትክክል ሲነበብ ማምታቻ አይኖረውም፤ ማምታቻ የሚሆነው እንደ አንድ ቃል ሲዋጥ ነው።

የጎማ ቤተሰብ ዋና ዋና ሞኖመሮች ሁለት ድርብ ትስስር ያላቸው ናቸው፤ ቡታዳይን፣ አይሶፕሪንና ክሎሮፕሪን። ኒዮፕሪን የሚለው ስም የመጨረሻ ድምፁን ከክሎሮፕሪን ጋር ይጋራል፤ አይሶፕሪን ደግሞ የተፈጥሮ ጎማ ሞኖመር ነው፤ ሁለቱ የሚለያዩት በአንድ መቀመጫ ብቻ ነው፣ በአይሶፕሪን ሜቲል፣ በክሎሮፕሪን ክሎሪን። በሰንሰለቱ ውስጥ ምን እንደሚሆኑ ለማስታወስ «ሁለት ገብቶ አንድ ይቀራል፤ የቀረውም መሃል ይቀመጣል» ይበሉ፦ አራት ካርቦን ካለው አሃድ ውስጥ ዳር ዳር የነበሩት ድርብ ትስስሮች ይከፈታሉ፣ አዲስ ድርብ ትስስር በሁለተኛውና በሦስተኛው ካርቦን መካከል ይፈጠራል። ተማሪው ሰንሰለቱ ውስጥ ድርብ ትስስር ካየ ወዲያውኑ የጎማ ቤተሰብ እንደሆነ ያውቃል፤ አራት ካርቦን ቆርጦ አውጥቶ ድርብ ትስስሮቹን ወደ ዳር ይመልሳል።

ስለ ሁለቱ ፖሊኢቲሊኖች፦ ግፊትና እፍግታ ተቃራኒ ናቸው። «ግፊቱ ከፍ፣ እፍግታው ዝቅ» የሚለው አባባል ይበቃል፤ ግን ለምን እንደሆነ ካልታወቀ በፈተና ወቅት ይገለበጣል፣ ምክንያቱም ሰው በተፈጥሮው ብዙ የተጨመቀ ነገር የታፈነ ይሆናል ብሎ ያስባል። ከ1000 አትሞስፌር በላይ በሆነ ግፊትና በከፍተኛ ሙቀት ሲሠራ ሰንሰለቱ እያደገ ሳለ ጫፉ ወደ ኋላ ተጠምዝዞ የራሱን አካል ይነካና ከዚያ ቦታ አዲስ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ቅርንጫፍ የበዛበት እንጨት ሲከመር ክፍተቱ እንደሚበዛ ሁሉ እነዚህ ሰንሰለቶችም ተቀራርበው መተኛት አይችሉም። ጀርመናዊው ኬሚስት ካርል ሲግለር እ.ኤ.አ. በ1953 ባገኘው ካታሊስት ግን በዝቅተኛ ግፊት ቅርንጫፍ የሌላቸው ቀጥ ያሉ ሰንሰለቶች ይሠራሉ፤ እንደ ተላጡ ዘንጎች ተጠጋግተው ይተኛሉ፣ እፍግታቸውም ከፍ ይላል። እህትዎ የቅርንጫፍ ክምርና የዘንግ ክምር ጎን ለጎን ትሣል፤ ከዚያ በኋላ አባባሉን ባትይዘው እንኳ ከሥዕሉ ታወጣዋለች።

በፕላስቲክ ዕቃዎች ሥር በሦስት ማዕዘን ውስጥ የሚታዩት ከ1 እስከ 7 ያሉ ቁጥሮችም ለጥናት ይረዳሉ። 1 ፔት፣ 2 ከፍተኛ እፍግታ ያለው ፖሊኢቲሊን፣ 3 ፒቪሲ፣ 4 ዝቅተኛ እፍግታ ያለው ፖሊኢቲሊን፣ 5 ፖሊፕሮፒሊን፣ 6 ፖሊስታይሪን፣ 7 ሌሎች ናቸው። ከ4 እስከ 6 ያሉት በሞኖመር ካርቦን ብዛት እያደጉ ይሄዳሉ፤ 2፣ 3፣ 8 ካርቦን። ቁጥር 6 ደግሞ ባለስድስት ጎኑን የቤንዜን ቀለበት የተሸከመው መሆኑ ምቹ አጋጣሚ ነው። ከ1 በስተቀር ከተጠቀሱት ውስጥ እስከ 6 ያሉት ሁሉ የአዲሽን ፖሊመሮች ናቸው።

ቴርሞፕላስቲክንና ቴርሞሴቲንግን ለመለየት ወደ እጆቹ እንመለስ፤ አንድ ደንብ ብቻ አለ፦ ሁለት እጅ መስመር ይሠራል፣ ሦስት እጅ መረብ ይሠራል። እያንዳንዱ ሞኖመር ሁለት መያዣ ብቻ ካለው ሰልፉ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ሰንሰለቶቹ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታሉና ሲሞቁ ይለሰልሳሉ፤ ይህ ቴርሞፕላስቲክ ነው። ሦስተኛ እጅ ያለው ከተገኘ ግን ጎን ለጎን ያሉ ሰንሰለቶች ይታሰራሉ፤ የታሰረ መረብ ሲሞቅ አይቀልጥም፣ አብዝቶ ከሞቀም ይከስላል፤ ይህ ቴርሞሴቲንግ ነው። ኬሚስቱ ሊዮ ቤክላንድ እ.ኤ.አ. በ1907 የሠራው ቤክላይት ፌኖልና ፎርማልዴሃይድ ነው፤ ሁለቱም ከ«ፈ» ቤት ናቸው። ፌኖል ከኦኤች ቡድኑ ግራና ቀኝ ሁለት፣ በትይዩ ደግሞ አንድ፣ በድምሩ ሦስት መያዣ ቦታዎች አሉት፤ ፎርማልዴሃይድ የአንድ ካርቦን ድልድይ ሆኖ ያገናኛቸዋል። ሜላሚን ሦስት የአሚን ቡድኖች አሉት፤ ከፎርማልዴሃይድ ጋር መረብ መሥራቱ አያስደንቅም። ጎማን በሰልፈር ማሞቅም፣ አሜሪካዊው የፈጠራ ሰው ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 የደረሰበት ሥራ፣ ይኸው ነው፦ ጥቂት የሰልፈር ድልድይ ሲታሰርበት ተለጥጦ ይመለሳል፣ ብዙ ሲታሰርበት ይደርቃል።

በተፈጥሮ ፖሊመሮች ላይ ቋንቋችን ራሱ ያግዘናል። ስታርችና ሴሉሎስ ሁለቱም ከግሉኮስ የተሠሩ ሲሆኑ ስታርች አልፋ፣ ሴሉሎስ ቤታ ግሉኮስ ነው፤ ተማሪዎች ይህን ዓመት ሙሉ ያምታቱታል። «አልፋ አላፊ ነው፤ ቤታ ቤት ነው» ብዬ ካስተማርሁ ወዲህ ግን የሚሳሳት ብዙም አላጋጠመኝም። ስታርች ተክሉ ለጊዜው ያከማቸው፣ ተበልቶ የሚያልፍ የኃይል ስንቅ ነው፤ ሴሉሎስ ደግሞ የተክል ሕዋስ ግድግዳ፣ የቆመ ቤት ነው። ሥዕሉም ከዚህ ጋር ይስማማል፦ በአልፋ ሁሉም አሃዶች በአንድ ፊት ስለሚያያዙ ሰንሰለቱ ይጠመዘዛል፤ በቤታ አንዱ ቀና ሌላው ግልብጥ እያለ ስለሚሄድ ሰንሰለቱ ቀጥ ይላል፣ ቀጥ ያሉትም በሃይድሮጅን ትስስር ተጠጋግተው ጠንካራ ቃጫ ይሆናሉ። ለጎማም እንዲሁ «ሲስ ይሳባል፤ ትራንስ ይጠጥራል» ማለት ይቻላል (ሲስ ሲባል ሰንሰለቱ ከድርብ ትስስሩ ግራና ቀኝ በአንድ ወገን፣ ትራንስ ሲባል በተቃራኒ ወገን ይቀጥላል)፤ የተፈጥሮ ጎማ ሲስ ፖሊአይሶፕሪን በመሆኑ ተጠማዝዞ ይተኛል፣ ሲሳብ ይዘረጋል፤ ጉታ ፔርቻ የሚባለው ትራንስ ወንድሙ ቀጥ ብሎ ተደርድሮ ጠጣር ይሆናል።

ስለ አጠናኑ፦ ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት ያሳየው፣ አዲስ የተጠና ነገር አብዛኛው የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታትና ቀናት መሆኑን ነው። እህትዎ ማታ ሸምድዳ ጠዋት ማጣቷ ስንፍና አይደለም፤ እባክዎ እንዲህ ብለው አይውቀሷት። ማታ በተደጋጋሚ ከማንበብ ይልቅ መጽሐፉን ዘግታ በባዶ ወረቀት ላይ ትሣል፤ ያልመጣላትን ብቻ ከፍታ ትይ፤ ያንኑ በማግስቱ፣ በሦስተኛው፣ በሰባተኛውና በአሥራ አራተኛው ቀን ትድገመው። ባላችሁ ሦስት ሳምንት ውስጥ ይህ በደንብ ይበቃል። በአንድ ቀን ከአምስት ፖሊመር በላይ አትጀምር፤ ናይለኖቹንና ሁለቱን ቡናዎች ደግሞ በአንድ ቀን ጎን ለጎን ታጥናቸው፣ ምክንያቱም የሚመሳሰሉ ነገሮች የሚለዩት ሲነጻጸሩ ነው።

እርስዎ ደግሞ ስሙን ጠርተው ሞኖመሩን ከመጠየቅ ይልቅ ሰንሰለት ይሣሉላት። ለምሳሌ ይህን ይስጧት፦ በሰልፉ ላይ ስድስት ካርቦኖች አሉ፤ በሁለተኛውና በሦስተኛው መካከል ድርብ ትስስር አለ፣ በስድስተኛው ላይ ናይትራይል ተንጠልጥሏል፣ ይህም አሃድ ይደጋገማል። ድርብ ትስስሩን አይታ አራት ካርቦን ከቆረጠች ቡታዳይንን ታገኛለች፤ የቀሩት ሁለቱ ከተንጠለጠለው እንግዳ ጋር አክሪሎናይትራይል ይሆናሉ። ቡና-ኤን ነው። እዚያ ከደረሰች በኋላ ናይትራይሉን አጥፍተው በቦታው የቤንዜን ቀለበት ይሣሉና ስሙን እንደገና ይጠይቋት።